አርባ ስድስት ሜትር ተኩል እግር

የምሥራች! ግራው አራት መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ቀኙ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ! ዛሬ ከምሳ በፊት ሁለቱም ልካቸውን ይዘው ቆመው ታዩ። አንዲት ሚሊሜትር አልጎደለች፣ አንዲት አልተረፈች። የምን ግራ? የማን ቀኝ? ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ደስታው አጣድፎኝ ወሬውን ከጭራው ጀመርኩት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ከራስ ወይስ ከጭራ መጀመር የሚለው ራሱ ትልቁ ጉዳይ ነውና ብዙም አልፈር። በሉ ከራሱ ልያዘው።

ታላቅ እህት አለችኝ። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቿ እትዬ ሚሊ ይሏታል። የምትሠራው ሰው ሠራሽ እግር፣ የእግር መደገፊያና ልዩ ጫማ የሚሠራበት ቤት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀሶ ለማቡካት ገባች፤ ዘንድሮ ሃምሳ አራት ሞላት። ከጀሶው ክፍል ወደ ልኬት ክፍል ያሳደጓት ዓይኗን አይተው ነው። ሌሎቹ ለካቾች «አርባ አራት ሳንቲ ገደማ» ብለው ሲጽፉ እሷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ «ገደማ የሚባል እግር አይቼ አላውቅም። ሚሊሜትሩስ?» ትላለች። ስሟ የወጣው ከዚህ ነው። ቤትም ያው ናት። መጋረጃ ስሰቅል ከኋላዬ ቆማ «በስድስት ሚሊ ወደ ግራ ዘምሟል» ካለች፣ ወርጄ ብለካው ስድስት ነው። ያናድዳል እኮ!

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሥራ አስኪያጁ የሰውን ሁሉ ልኬት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ቆረጡ። ወረቀቶቹ የተቀመጡበት ምድር ቤት እርጥበት ስለነበረው የአንዳንዱ ሰው እግር በሻጋታ ተበልቶ ነበር። የቆዳ ማስቀመጫ የነበረችው ጠባብ ክፍል ተጠረገች፣ ማቀዝቀዣ ተገጠመላት፣ መዝገቡን ሁሉ የምትይዝ ትልቅ ሰርቨር ገባባት፤ እትዬ «መኪናዋ» ትላታለች። ክፍሏ ዛሬም ድረስ ቆዳና ማስቲሽ ትሸታለች። ከዚያ ሰርቨሯን ማን ይያዝ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በወረቀት ላይ አስጻፉ። አንዱ ከሰባቱ፣ ስድስቱ ከዜሮው የሚለየው የእትዬ ብቻ ሆነ። በቃ፣ ተሾመች። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው መሰኪያውን ብቻ ነበር። ቢሆንም እትዬ ነገር አይገባኝም ብላ የምትተኛ ሰው አይደለችም። «ይሄ መብራት ለምን ይበራል? ያኛውስ ለምን ይጠፋል?» እያለች የቤቱን የኮምፒውተር መሐንዲስ መከራቸውን አበላቻቸው።

መሐንዲሱን ሁሉም ጋሽ ኢንጂነር ይላቸዋል። ዋናው ፕሮግራም ከትልቅ ኩባንያ የተገዛ ነው፤ ልኬቱን የሚመዘግበውን ክፍል ግን እሳቸው ቁጭ ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉት። ዛሬ ጡረታ ወጥተው ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ካለው ቤታቸው ግቢ ውስጥ ጽጌረዳ ይከረክማሉ።

አሁን የዚያን ቤት አንድ ልማድ መንገር አለብኝ፤ ያለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም። መደርደሪያው ላይ ከእንጨት የተጠረበ የአንድ እግር መዳፍ አለ፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ። «አለቃ» ይባላል። ከቤቱ ከራሱ ይቀድማል ይላሉ። አዲስ ማስቲሽ ሲመጣ መጀመሪያ አለቃ ላይ ይሞከራል። አዲስ ሜትር ሲገዛ መጀመሪያ አለቃ ይለካል። አዲስ ሠራተኛም ከሁሉ በፊት የሚለካው አለቃን ነው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ሚሊሜትር ካላለ ሥራ አይጀምርም። ከመሞረዱ ብዛት ቀኝ ይሁን ግራ እንኳ አይለይም፤ የሻይ ሰዓት ክርክራቸው ነው። ሰርቨሯ ስትገባም የመጀመሪያው መዝገብ የተከፈተው ለአለቃ ነበር። የመዳፍ ርዝመት፦ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት። ቀኝ ወይስ ግራ፦ ባዶ። ከጉልበት እስከ መሬት፦ ባዶ፤ ጉልበት ከየት መጥቶ! ከአለቃ ቀጥላ የተመዘገበች ሰው ማን ትመስላችኋለች? እኔ! እትዬ መለማመጃ ስታጣ እኔን ወስዳ ጫማዬን አስወልቃ ለካችኝ። መዳፌ ሁለት መቶ አርባ አንድ ሚሊሜትር ነው። ከዚያም የራሷን አስገባች፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት። ከእኛ በኋላ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው ገባ።

እንግዲህ ሁሉ ደህና ሲሄድ ቆይቶ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ደብዳቤ መጣ። ዋናውን ፕሮግራም የሚሠራው ኩባንያ ነው የጻፈው። ከተወሰነ ቀን በኋላ እንዲህ ባለ ሰርቨር ላይ የሚሠራ አዲስ እትም አናወጣም፣ ብልሽት ቢገኝም አናርምም ይላል። እትዬ ሦስት ጊዜ አነበበችውና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«መኪናዋ ምን አጠፋች?»

«ምንም።»

«ፕሮግራሙስ ታሞ ነው?»

«ደህና ነው። የተጣሉት ባለቤቶቻቸው ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን የሚሠራው አንድ ኩባንያ፣ ሰርቨሩን የሚሠራው ሌላ ኩባንያ ነበሩ። ለብዙ ዓመት አንዱ ለሌላው ገበያ እየሆነ በፍቅር ኖሩ። ኋላ ባለፕሮግራሙ የራሱን ሰርቨር መሥራት ጀመረ። ጨርቅ ነጋዴ የልብስ ስፌት ቤት ከፈተ እንበል። ከዚያ በጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ደጅ ሲያልፍ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ጨርቅ በአንተ መኪና አይሰፋም» አለ። ልብስ ሰፊውም ተቆጣ፣ ጭቅጭቁ ቀለጠ። መሀል ላይ ግን ሱሪውን ግማሽ አሰፍቶ ቆሞ የቀረ ሰው አለ። ያ ሰው እኛ ነን።

«እሺ እኛ ምን አገባን?» አለች እትዬ።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ እየሳቁ። «ወደ ሌላ ዓይነት ሰርቨር መዛወር ግድ ነው።»

እትዬ ቤት መጥታ ይህን ስትነግረኝ አልተናደደችም፤ ገርሟት ነበር። «ሰው ሲጣላ አይቻለሁ» አለች፤ «ዕቃ በሰው ጠብ ሲያረጅ ግን ገና አሁን ማየቴ ነው።»

ዘንድሮ መዝገቡን የሚያዛውረው ባለሙያ መጣ። ክራቫት የሚያስር፣ ጨዋ፣ ፈጣን ሰውዬ ነው፤ ወዲያው ስሙ ክራቫት ሆነ። አዲሷን ሰርቨር ከአሮጌዋ ጎን ተከለ። ሦስት ቀን ሠራና በአራተኛው ቀን ሠራተኛው ሁሉ በሩ ላይ ተኮለኮለ። እግር ሠሪው፣ ያ የእትዬ የረጅም ዘመን ባልደረባና የቀልድ አለቃ፣ ከኋላ ሆኖ ጮኸ፦ «መጀመሪያ አለቃን! አለቃ ካለፈ ሁሉም ያልፋል!»

ክራቫት ልማዱ ተነግሮታልና የአለቃን መዝገብ ከፈተ። የመዳፍ ርዝመት፦ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት። ሌላው ባዶ። ልክ እንደ ድሮው! ጭብጨባው ቀለጠ። እትዬ ወረቀቱ ላይ ፈረመች፦ መዝገቡ በትክክል መዛወሩን አይቻለሁ። ክራቫት አሮጌዋን አጠፋት። እትዬ እንደምትለው፣ ያን ጊዜ በዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ሲቆጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የመኪናዋ ድምፅ ውጦት ኖሯል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አዲስ የሚመጣው ሰው ይመዘገባል፣ ልኬቱ ልክ ነው፣ ሁሉም ሰላም። የድሮ መዝገብ ግን የከፈተ አልነበረም። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ መጣ።

ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ሱቁ ከመሥሪያ ቤቱ ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፤ አንድ መስተዋት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ እሱ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ልዩ ጫማ እንዲሠራለት እዚያ ቤት መጥቶ ሁለት እግሩ ተለክቶ ነበር። ባለፈው ዓመት ደግሞ የጭነት መኪና ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበት በታች አሳጣው። ሚስቱ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አመጣችው።

«እትዬ ሚሊ» አላት፣ «ቁመቴን አደራ ሰጥቼሽ ሄጄ ነበር። ልወስድ መጥቻለሁ።»

ገባችሁ? አንድ እግር ያለው ሰው ቢመጣ ደህናው እግር ይለካል፣ ሌላው በእሱ ልክ ይሠራል። ሁለቱም የሌለው ሰው ግን ምኑ ይለካል? ምን ያህል ረጅም እንደነበር የሚያውቅ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ መዝገብ።

እግር ሠሪው ሊያጽናናው ብሎ «አንተ ደግሞ! እንዲያውም ዕድል ነው፤ አሥር ሳንቲ ልጨምርልህ?» አለው።

«ተው ባክህ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ወንበሬ ከተበላሸ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከፍና ዝቅ አይልም፤ በእኔ ልክ አስበይጄዋለሁ። እጄ የሰው ራስ የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚያች ከፍታ ነው። አንድ ሳንቲ ከፍ ብል የሰው ጆሮ እቆርጣለሁ። ዝቅ ብል ደግሞ አናቱን አላየውም።»

«መታወቂያህ ላይ ቁመት አልተጻፈም?»

«ተጽፏል። ‹መካከለኛ› ይላል።»

ሚስቱ በበኩሏ እጇን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ «እስከዚህ ነበር» አለች። ፀጉር አስተካካዩ ቀና ብሎ አያትና፣ «ይሄ ከሠርጋችን በፊት ነው፤ ያኔ በፍቅር ነበር የምታይኝ» አለ። ሳቁ። እትዬም እየሳቀች መዝገቡን ከፈተች።

ከጉልበት እስከ መሬት፣ ግራ፦ አርባ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ዘጠና ሦስት ሚሊሜትር። ቀኝ፦ አርባ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ።

እግር ሠሪው በትከሻዋ ላይ ሆኖ አነበበና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «አርባ ስድስት ሜትር ተኩል! እትዬ ሚሊ፣ ለዚህ መሰላል አይበቃኝም፤ ክሬን ይምጣልኝ!»

«ከዘጠና ሦስት ሚሊ ጋር» አለች እትዬ፤ አፏ ለምዶባት ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን፣ «እና የእኔስ የት ሄደ?» አላት።

ሌላ መዝገብ ከፈተች። ስልሳ ሜትር። ሌላ፤ ሃምሳ ሜትር። አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው በሙሉ ከፎቅ በላይ ሆኗል። አሮጌዋን እናስነሳት ተባለ። ቁልፏ ሲጫን ኪ፣ ኪ፣ ኪ ብላ ዝም አለች። ሳታርፍ የኖረች መኪና አንዴ ስታርፍ መነሣት እምቢ አለች። ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ ቅጂው የተቀመጠበት ካሴትም ከእሷ በቀር ሌላ መኪና አያነበውም። ክራቫት በስልክ ተጠየቀ። «እኔ ያዛወርኩት ያለውን ነው» አለ። «የአለቃን አይታችሁ ፈርማችኋል። ምናልባት ድሮ ሲጻፍ ተሳስቶ ይሆናል።»

እትዬን እንዲህ ብሎ የሰደባት ሰው የለም! ተሳስቶ? የእሷ እጅ? በእርግጥ ፊርማውም የእሷ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፤ እሷ ግን የምትለቅመውን እንኳ አታውቅም። ሌላው ሰው ተጠርቶ እንደገና ይለካል፤ ዓመት ይፈጃል እንጂ ይለካል። ፀጉር አስተካካዩ ግን አይለካም። እግር ሠሪው «በዓይኔ መጠን አራት መቶ ስልሳ ላድርገው?» ሲላት፣ «ገደማ የሚባል እግር አይቼ አላውቅም» አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ሸሚዝ ስተኩስ አሥር መዝገብ አትማ መጣች። የግድግዳ ካላንደር አወረደች፣ ያለፈውን ወር ቀደደች፣ ጀርባውን ገለበጠች። በግራ የምታውቀውን ቁጥር፣ በቀኝ ሰርቨሯ የምትለውን ጻፈች። የምታውቀው ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እኔና እሷ። እና አለቃ።

«ያንቺ መዳፍ ስልሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዘጠና ስድስት» አለችኝ።

«ጫማ የት አገኛለሁ?»

«ዝም በይ እስቲ። የሚገርመኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሁላችን ሲያብድ አለቃ ለምን አላበደም?»

ይህቺ ጥያቄ ናት ያዳነችን። ሌላ ሰው ቢሆን ያበደውን ሲያይ ይውላል፤ እትዬ ግን ያላበደውን ይዛ ተቀመጠች። ብዙ አፈጠጠችና ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «ግራ እግር በአንድ፣ ቀኝ እግር በሁለት ነው የሚመዘገበው። እዚህ አንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት፣ ሁለቱ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ሆኗል።»

«እና?»

«እጥፉ ነው እኮ! ሁለት የአንድ እጥፍ፣ ይሄም የዚያ እጥፍ። ቁጥሩ አላበደም ልጄ። ሥርዓት ይዞ ነው የሄደው።»

ካውያዬን ነቀልኩ። የእኔን ሁለት መቶ አርባ አንድ በሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት አባዛሁ። መጀመሪያ ተሳሳትኩ፤ «በሂሳብ አሁንም ያው ነሽ» አለችኝ፤ ሁለተኛ ሳባዛ ስልሳ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዘጠና ስድስት! ጮኽኩ። የእሷም ሠራ። አለቃ ግን እምቢ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ቢባዛ ሌላ ነገር መሆን ሲገባው እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ተነሥታ ሁለት ብርጭቆ አመጣች፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። የቁልፍ ቆርቆሮዬንም ገለበጠችው፤ የሸሚዝ ቁልፎቼ ጠረጴዛውን ሞሉት። «መኪናዋ ቁጥሩን በሁለት ዕቃ ከፍላ ታስቀምጣለች እንበል» አለች። «ትንሹ ነጠላውን ይይዛል። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሲደርስ ይደፋና ትልቁ ውስጥ አንድ ቁልፍ ይገባል። አለቃ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ነው።» ትልቁ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ቁልፍ ጣለች፤ ያ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱ ነው። ትንሹ ውስጥ አንድ ጣለች፤ የተረፈችው አንዷ። አየችው። አየሁት። ከዚያ ቀስ ብላ ቁልፎቹን አለዋወጠች፤ የትልቁን ወደ ትንሹ፣ የትንሹን ወደ ትልቁ።

አንድና አንድ። ያው!

«ተገለባብጧል» አለች በሹክሹክታ። «ሁሉም ተገለባብጧል። አለቃ ግን ቢገለበጥም ያው ነው። ባዶውም ቢገለበጥ ባዶ ነው። ከአራት ሺህ ሁለት መቶ እግር መርጠን መርጠን፣ መገልበጥ የማይታይበትን አንዱን እግር ነው የፈተንነው!»

እኔ የተበተኑትን ቁልፎች መሰብሰብ ጀመርኩ። እሷ ግን እርሳሱን ይዛለች። አርባ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ዘጠና ሦስት ለሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሲካፈል መቶ ሰማንያ ሁለት ደረሰው፣ አንድ ተረፈ። ይገልበጥ፦ አንዱ ወደ ትልቁ ሲሄድ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት፣ መቶ ሰማንያ ሁለቱ ወደ ትንሹ። አንድ ላይ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት። የሰው እግር! በቀኙም እንዲሁ አድርጋ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ አገኘች። እርሳሱን አስቀምጣ ሸሚዜ ላይ አለቀሰች፤ ገና የተተኮሰው ላይ። ምን ላድርግ፣ እኔም አለቀስኩ።

በነጋታው እሑድ ጋሽ ኢንጂነር ዘንድ ደወልን። ከስልኩ ድምፃቸው እየጮኸ ይወጣል፤ ጆሯቸው ደከም ስላለ ሌላውም የማይሰማ ይመስላቸዋል።

«ጋሼ፣ የድሮዋ መኪናና አዲሷ ቁጥር የሚጽፉበት አቅጣጫ ይለያያል እንዴ?»

ሳቃቸው መጣ። «አንቺ ልጅ! የድሮዋ ከትልቁ ጀምራ ነው የምትጽፈው፤ ያኛው ዓይነት ከትንሹ ይጀምራል። ቀን ስትጽፊ አንዱ ዓመቱን ያስቀድማል፣ ሌላው ቀኑን ያስቀድም የለ? ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሲያነብ ነው ጉዱ። የተገዛው ፕሮግራም ሲዛወር ራሱን ይገለብጣል። እኔ በእጄ የጻፍኳትን ግን ማን ይገልብጥላት? ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። መኪናዋ ከእኔ በፊት ትሞታለች ብዬ አላሰብኩማ! ለመሆኑ ማን ደረሰበት?»

«እኔና የእህቴ የሸሚዝ ቁልፍ» አለች እትዬ።

ሰኞ ክራቫት መጣ። እትዬ ብርጭቆዎቹን ይዛ ሄዳ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አሳየችው። ሰውዬው ጨዋ ነው ብያለሁ። ክራቫቱን ፈታ፣ ኪሱ ከተተና፣ «እትዬ፣ አለቃን መቶ ጊዜ ብፈትነው መቶ ጊዜ ያልፍ ነበር። የእጅዎን ቁጥር መጠርጠሬን ይቅር ይበሉኝ» አላት። ከምሳ በፊት አጭር ፕሮግራም ጽፎ ሁሉንም መለሰ። እትዬ በዚህ ጊዜ አርባ መዝገብ ካላየሁ፣ ከአርባው ሰው ስድስቱን አስጠርቼ በሜትር ካልለካሁ አልፈርምም አለች። እኔም ተጠራሁ። ሁለት መቶ አርባ አንድ።

አለቀ ስንል ደግሞ እግር ሠሪው አመፀ። «ግራው በዘጠኝ ሚሊ ይበልጣል! እኔ ሆን ብዬ ጎደሎ እግር አልሠራም። ሁለቱንም እኩል አደርጋለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ዘጠኝ ሚሊ? አሁን ገና የእኔ መሆኑን አመንኩ!» አለ። «ስብራቱ ነው ያሳጠረው። ያኔ የሠራችሁልኝን ጫማ ለምን እንደጣልኩት ታውቃላችሁ? ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። እኔ ቀጥ ባልኩ ቁጥር የምቆርጠው ሰው ሁሉ ተንጋደደ! ደንበኛ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ዘሞ ከሱቄ ሲወጣ አንድ ወር አየሁና ጫማውን ወረወርኩት።»

«ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው» አለች ሚስቱ። «እኔ ደግሞ አኳኋን ማሳመሩ መስሎኝ!»

እግር ሠሪው ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች። «መዝገቡ ያለውን ሥራ» አለች።

ሠራ። እያጉረመረመ ሠራ። ፀጉር አስተካካዩም እየተደገፉ መራመድ በሚለመድባቸው ሁለት ብረቶች መሀል ስድስት ሳምንት ተለማመደ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ተሳደበ፣ ሳቀ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ከዘራ ይዞ፣ ሚስቱ በአንድ ጎን፣ እትዬ በሌላው ጎን ሆነው ሱቁ ደረሰ። እኔም እግር ጥሎኝ እዚያ ነበርኩ አልልም፤ አስቤበት ነው የሄድኩት። ከዘራዎቹን ለሚስቱ ሰጠና ከወንበሩ ኋላ ቆመ። የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ክርኑን አጠፍ፣ ዘርጋ አደረገ። ቀኝ ትከሻው ዝቅ አለ።

«ማነው ተራ?» አለ።

እግር ሠሪው ተቀመጠ። የገዛ ሥራውን በገዛ ጆሮው ሊፈትን ማለት ነው! መቀሱ ሲንቀሳቀስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ። ሲጨርስ እትዬ ሜትሯን አወረደች፤ ምላችኋለሁ፣ የሰውዬውን ፀጉር ከሁለቱ ጆሮዎች በላይ ለካችው።

«በግራም አሥራ አንድ፣ በቀኝም አሥራ አንድ» አለች።

«ሚሊ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ሚሊ።»

ትከሻውን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ ጎንበስ አለላት፤ እንደ እጅ መንሻ። ከዚያ ሌላ ደንበኛ ገባ፤ የተፈጠረውን ምንም ሳያውቅ ገብቶ «ክፍት ነው?» አለ።

አለቃም ቦታው አልጠፋም፤ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው፤ አሁንም ሁሉ ነገር መጀመሪያ እሱ ላይ ይሞከራል። ግርጌው ላይ ግን በእትዬ ጥንቁቅ እጅ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች፦ «እኔ ብቻዬን አልበቃም።» አሮጌዋ መኪና እዚያችው ክፍል አለች፤ በላይዋ የጫማ ቀለም ይደረድሩባታል። ሁለቱ ኩባንያዎች ዛሬ ታርቀው ይሁን እንደተኳረፉ አላውቅም። የእኔን ቁልፎች ግን አይከፍሉኝም፤ ሦስቱ ከዚያ ቀን ወዲህ የሉም።

ኧረ! ጋሽ ኢንጂነር የምሥራቹን አልሰሙም እኮ! ስልካቸው ላይ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሡም፤ ጽጌረዳቸው ሥር ይሆናሉ። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሂድ። ባለፈው የሰርቨሯ ልክ ስልሳ አንድ ሜትር ተኩል እግር ቢኖረኝ በጥቂት እርምጃ እደርስ ነበር፤ አሁን በዚህችው በሁለት መቶ አርባ አንዷ እግሬ አውጪኝ ልበል እንጂ። ሻርፔስ የት ገባ?